ስለ ወፍ ጎጆ የተሰጠ ሕግ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሙሴ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ከጻፋቸው ሕግጋት መካከል ብዙ አንባቢ ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ አጭር ሕግ አለ። ይኸውም፦ ሰው በመንገድ ሲሄድ በዛፍ ላይ ወይም በምድር ላይ የወፍ ጎጆ ቢያገኝ፥ እናቲቱም በዕንቁላሎችዋ ወይም በጫጩቶችዋ ላይ ተቀምጣ ቢያያት፥ እናቲቱን ከልጆችዋ ጋር አብሮ እንዳይወስድ፥ እርስዋን ግን እንዲለቃት የሚያዝ ነው። ሕጉ የተጻፈው በቁጥር 6ና በቁጥር 7 ብቻ ሲሆን፥ የተሰጠው ተስፋ ግን ከታላላቆቹ ትእዛዛት ተስፋ አያንስም። ለሚጠብቀው ሰው መልካም እንደሚሆንለት፥ ዕድሜውም እንደሚረዝም ተነግሮለታል፤ ይህም አባትንና እናትን ስለ ማክበር በታዘዘው ቃል የምናገኘው ተስፋ ራሱ ነው። ወላጁን ለሚያከብርና የወፍ እናት ለሚምር ሰው አንድ ዓይነት ዋጋ መሰጠቱ በሁለቱም ስፍራ እናትነት ስለ ተከበረ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለኝም።

ይህን ክፍል ለደቀ መዛሙርት በማስተምርበት ጊዜ ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ሕጉ የሚናገረው ጎጆ ላገኘ ሰው ነውና፥ ያላገኘ ሰው ምን ዕዳ አለበት? ዐይኑን ወደ ላይ ሳያነሣ ዛፉን የቈረጠ፥ ጎጆው መኖሩንም ሳያውቅ ያፈረሰ ሰው ሕግ ተላልፏል ይባላልን? ለብዙ ዘመን እመልስ የነበረው፦ ላላየ ዕዳ የለበትም፤ ሕግ የሚያስረው ያወቀውን ነው እያልሁ ነበር። መልሱ አጭር ስለ ሆነ ተማሪውም መምህሩም ደስ ብሎአቸው ወደሚቀጥለው ቁጥር ያልፉ ነበር።

ነገሩ ግን የተማሪ ክርክር ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። በየገጠሩ ደብርና ገዳም ዐጸድ ጽዱ፥ ወይራው፥ ዝግባው፥ ዋንዛው በአባቶቻችን ጥበቃ እስከ ዛሬ ቆይቷል። በደቡብ ጎንደርም ሆነ በሌላው ደጋ አገር ዙሪያው ሁሉ እርሻና ግጦሽ ሆኖ የጥንቱ ደን የቀረው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻ የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። ዛፉ የቀረው በዚያ ከሆነ በዛፍ የሚኖረው ወፍም የቀረው በዚያው ነው። እንግዲህ በዚያ ዐጸድ መጥረቢያና መጋዝ ይዞ የሚገባ ሠራተኛ፥ ይልቁንም ግባና ቍረጥ ብሎ የሚያዘው ካህን፥ ይህ ሕግ ስለ እርሱ የተጻፈ መሆኑን ሊያስብ ይገባዋል።

እኔ ያላሰብሁበትን ቀን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አገለግልበት በነበረ አንድ የገጠር ደብር ውስጥ ከቤተ ልሔሙ ጣራ በላይ የተዘረጋ ትልቅ የግራር ቅርንጫፍ ነበረ። የክረምቱ ነፋስ ሰብሮ በቆርቆሮው ላይ እንዳይጥለው ስለ ፈራን ጾመ ፍልሰታ እንደ ተፈታ፥ ነሐሴ 17 ቀን፥ እንጨት ቈራጭ አስጠራሁ። በዛፉ ላይ ራሱ ጥቁር፥ ሰውነቱ ቢጫ የሆነው፥ ሣር እየሰነጠቀ ጎጆውን እንደ ሸማ የሚሠራው ሸማኔ ወፍ ሰፍሮበት ነበር። ሰውየው መሰላሉን ካስደገፈ በኋላ ቆም ብሎ፦

«አባቴ፥ ወፍ አለበትኮ፤ እንዴት ላድርግ?» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። በወዲያኛው ቅርንጫፍ ላይ ገና አረንጓዴ የሆኑ፥ ዛሬ የተሠሩ የሚመስሉ ጎጆዎች ተንጠልጥለዋል፤ ወንዶቹም ከበታቻቸው ተሰቅለው ክንፋቸውን እያራገቡ ይጮኻሉ። ልንቈርጠው ባሰብነው ቅርንጫፍ ላይ ያሉት ሰባቱ ግን ደርቀው እንደ ገለባ ነጥተው ነበር። እኔም በዐይኔ የታየኝን ብቻ ይዤ፦ «ደረቆቹ የዓምና ናቸው፤ ነዋሪ ያለባቸው አረንጓዴዎቹ ናቸው፤ ቍረጠው ልጄ» አልሁት። ቈረጠው።

ከሰባቱ ጎጆዎች በአራቱ ውስጥ ጫጩቶች ነበሩ። አንዳንዶቹ ላባ አልጀመሩም፤ የወደቁበት መሬት ደግሞ ድንጋይ ነበር። የተረፉትን ከነጎጆአቸው በሲባጎ በሌላው ቅርንጫፍ ላይ አሰርናቸው፤ እናቶቹ ግን እስኪመሽ ድረስ ቅርንጫፉ በነበረበት ባዶ አየር ላይ ይዞሩ ነበር እንጂ ወደ ታሰረው አልመጡም። በማግስቱ ጧት ጉንዳን ወሮባቸው አገኘናቸው።

ለሱባኤ መጥተው ፍልሰታን በዚያ ዛፍ ሥር በቀለሱአት ትንሽ ጎጆ ያሳለፉ አንዲት እማሆይ ነበሩ። ድምፁን ሰምተው ወጡና የወደቀውን አይተው ምንም ሳይናገሩ ጫጩቶቹን በነጠላቸው ጫፍ መሰብሰብ ጀመሩ። በኋላ ጠየቅኋቸው።

«እማሆይ፥ ልጆች እንዳሉባቸው ያውቁ ነበርን?»

«አሥራ አምስቱን ቀን ከበታቹ ተቀምጬ ሳያቸው ነበር እኮ፥ አባ። አረንጓዴውን ወንዱ ገና እየሠራው ነው። ሴቲቱ መጥታ ታየዋለች፤ ካልወደደችው ራሱ አፍርሶ ሌላ ይጀምራል። ከወደደችው ግን ትገባበታለች፤ ሣሩም በላይዋ ላይ ይደርቃል። ቤት የሆነው ደረቁ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ስለ ወፎች ጠባይ የጻፉ ምሁራንን መጻሕፍት ከዚያ በኋላ ስመለከት እማሆይ የተናገሩትን ያንኑ አገኘሁ። የሸማኔ ወፍ ወንዱ የሚሠራው ብዙ ጎጆ ነው፤ ሴቶቹ የሚመርጡት ገና አረንጓዴ ሳለ ነው፤ ሳይመረጥ የጠወለገውን ራሱ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ደርቆ ሳይፈርስ የተንጠለጠለ ጎጆ ባዶ ነው ብሎ መፍረድ ትልቅ ስሕተት ነው። አርባ ዓመት መጻሕፍት ያገላበጥሁ እኔ በአንድ ጊዜ እይታ ፈርጄ ተሳሳትሁ፤ ፊደል ያልቈጠሩት እማሆይ ግን አሥራ አምስት ቀን ተቀምጠው አይተው ዐወቁ።

ነገሩ ስለ ከበደኝ ለንስሓ አባቴ ነገርኋቸው። ይሥቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሣቁም። ያን የወፍ ሕግ ታስተምር የለምን አሉኝ። አስተምራለሁ አልሁ። «እንግዲያስ ምዕራፉን ከቁጥር 1 ጀምረህ እንደ ገና አንብበው» ብለው አሰናበቱኝ።

አነበብሁት። ምዕራፉ የሚጀምረው ስለ ወፍ አይደለም፤ ስለ ጠፋ በሬና በግ ነው። የወንድሙን በሬ ባዝኖ ያየ ሰው አይቶ እንዳላየ ሆኖ ማለፍ አይፈቀድለትም፤ አህያውም በመንገድ ወድቆ ቢያየው ያነሣው ዘንድ ታዝዟል። ስለዚህ ሕጉ በመጀመሪያ ያሰረው እጅን አይደለም፤ ዐይንን ነው። ከወፉ ሕግ ቀጥሎ ደግሞ በቁጥር 8 ስለ ቤት ሥራ ይናገራል፤ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ሰው ወድቆ ቢሞት የደም ዕዳ እንዳይሆንበት በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዘዋል። በዚህ ስፍራ ዕዳ የሚሆንበት ገፍቶ የጣለው ሰው አይደለም፤ አስቀድሞ ያላሰበው ባለቤት ነው። እንግዲህ የወፉ ሕግ ከፊቱ አይቶ እንዳላየ መሆንን የሚከለክል ቃል፥ ከኋላውም አስቀድሞ አለማሰብን ዕዳ የሚያደርግ ቃል ተቀምጦለታል። በእነዚህ መካከል የተጻፈውን ሕግ፦ «ላላየ ዕዳ የለበትም» ብሎ መተርጐም እንዴት ይቻላል? አንድም ላላየ ቢሉ፥ ሊያይ ላልቻለ ነው። ሊያይ ሲችል ቀና ላላለ ግን አይደለም። ለብዙ ዓመታት ያስተማርሁትን ትርጓሜ በዚያ ሌሊት ተውሁት።

በነቢዩ በኢሳይያስ መጽሐፍ በምዕራፍ 10 የአሦር ንጉሥ ሲመካ፥ ምድርን ሁሉ የሰበሰበው ሰው የተተወ ዕንቁላል እንደሚሰበስብ መሆኑን፥ ክንፉን ያራገበ ወይም የጮኸ እንዳልነበረም ይናገራል። ነቢዩ ይህን የጻፈው ለምስጋናው አይደለም። ድምፅ አልሰማሁም ማለት ለንጉሡ መመኪያ ሆነለት፤ በእግዚአብሔር ዘንድ ግን ለፍርድ ተቈጠረበት። እኔ እንኳ ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ወንዶቹ ሲጮኹ ቆሜ ነበር የፈረድሁት።

ከሊቃውንት ወንድሞቼ አንዳንዱ በዚህ ላይ የሐዋርያውን ቃል ሊያነሣብኝ ይችላል። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት በምዕራፍ 9 የሚያበራየውን በሬ አፍ ስላለማሰር የተጻፈውን ሕግ ጠቅሶ፥ እግዚአብሔር ይህን ያለው ስለ በሬዎች ተጨንቆ ነውን ብሎ ይጠይቃልና። እውነት ነው፤ ሐዋርያው ሕጉን ወንጌልን ለሚሰብኩ ሰዎች ደመወዝ አድርጎ ተርጕሞታል። ነገር ግን ማስረጃው የሚቆመው ለበሬው መራራት መልካም ከሆነ ነው፤ የበሬው አፍ መታሰር አለመታሰሩ ከንቱ ነገር ቢሆን ኖሮ ለሐዋርያት ምን ማስረጃ ይሆናቸው ነበር? ጌታችንም ያስተማረው በዚህ መንገድ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ሁለት ድንቢጦች በአንድ ትንሽ ገንዘብ ሲሸጡ፥ በሉቃስ ወንጌል ደግሞ አምስት በሁለት ይሸጣሉ። ገበያ የወጣ ሰው ሒሳቡን ያውቀዋል፤ አራቱ በሁለት ገንዘብ ከሆኑ አምስተኛይቱ ምራቂ ናት። ዋጋ ያልተከፈለባት ያቺ ምራቂ እንኳ በአባቱ ዘንድ አለመረሳትዋን ጌታ ነገረን፤ ከዚያ በኋላ ነው እኛ ከብዙ ድንቢጦች እንደምንበልጥ የተናገረው። ድንቢጢቱ የተናቀች ብትሆን የእኛም ክብር መለኪያ አይኖረውም ነበር።

ወደ ሥራው እንመለስ፤ ምክንያቱም ለዚህ ሕግ የሚገባው መታዘዝ በማወቅ የሚፈጸም ነው። እናቲቱ የትኛዋ እንደ ሆነች ያላወቀ ሰው እንዴት ይለቃታል? ጊዜዋን ያላወቀስ እንዴት ይታገሣታል?

ዛፍ ከመቈረጡ በፊት አንድ ሰው፥ ዲያቆንም ቢሆን ተማሪም ቢሆን፥ ከጸሎተ ኪዳን በኋላ ፀሐይ እስኪሞቅ ድረስ ከዛፉ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ወፍ በብዛት የሚመላለሰው በዚያ ሰዓት ነው። በአፍዋ ሣር ወይም ጭራሮ ይዛ የምትገባ ገና ቤት እየሠራች ነው። ባዶ አፍዋን ገብታ የማትወጣ፥ ወይም አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚተካ ከሆነ ዕንቁላል ታቅፈዋል። ትል ወይም አንበጣ ይዛ የምትመላለስ ከሆነ ጫጩት አለ። ከጎጆው ስትወጣ በአፍዋ አንዲት ነጭ ነገር ይዛ ሩቅ ወስዳ ስትጥል ብታይዋት፥ ያ የልጆችዋ ኩስ ነው፤ ብዙ ትንንሽ ወፎች ጎጆአቸው እንዳይቈሽሽና ጠላት እንዳያገኘው እንዲህ ያደርጋሉ። ወደ አንድ ቁጥቋጦ ስትቀርብ ወፊቱ ጩኸትዋን ካበዛች ወደ ጎጆው ቀርበሃልና ተመለስ።

የርግብና የዋኖስ ጎጆ ሰውን እጅግ ያታልላል። ጥቂት ጭራሮ ተነባብሮ የተቀመጠበት እንጂ ጎጆ አይመስልም፤ ነፋስ ያከማቸው ቆሻሻ ነው ተብሎ በዘንግ ሲገፋ አይቻለሁ። ከበታቹ ሆኖ ቀና ያለ ሰው ግን አንዳንድ ጊዜ በጭራሮዎቹ መካከል ሁለት ነጫጭ ዕንቁላሎች ሊያይ ይችላል። ወንዱና ሴቲቱ ተራ ገብተው ሁለት ሳምንት ያህል ይታቀፋሉ። ሲፈለፈሉም ሁለቱም ወላጆች በጉሮሮአቸው ከረጢት ውስጥ የሚዘጋጅ እንደ እርጎ ያለ ምግብ ያጐርሷቸዋል። በግ ለመግዛት አቅም የሌላት ወላድ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 እንድታቀርብ የተፈቀደላት፥ እመቤታችንም ልጅዋን ወደ ቤተ መቅደስ ባቀረበች ጊዜ ስለ ድኾች ከተፈቀደው ያቀረበችው መሥዋዕት ከዚህ ከድኻ ጎጆ የሚወጣ ነበረ።

የደረቀ ግንድ የሚቈርጥ ሰው ደግሞ ምንም አልነካሁም ብሎ ይተማመናል። ነገር ግን ግንደ ቆርቁር ቀዳዳውን የሚያበጀው በሞተው እንጨት ውስጥ ነው፤ እርሱ ትቶት ሲሄድም ሌላ ወፍ ይወርሰዋል። ስለዚህ የግንዱን ዙሪያ ማየት፥ ቀዳዳም ከተገኘበት ጥቂት ጊዜ ቆሞ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ስለ ወፎች የተጻፈ ጥንታዊ መጽሐፍ አለን፤ ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ ነው። ብዙ ወንድሞች የወፍን ነገር ሲያስተምሩ ከእርሱ ይጀምራሉ። እኔም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን የመጽሐፉ ዐላማ ምሥጢረ ሃይማኖትን በምሳሌ ማስረዳት ስለ ሆነ በዛፉ ላይ ያለውን ወፍ ለመለየት አይረዳም። ምሳሌውን ለስብከት፥ ዐይናችንን ለዛፉ ማድረግ ይሻላል። በነቢዩ በኤርምያስ ምዕራፍ 17 ያልወለደችውን ስለምትሰበስብ ቆቅ የተነገረውን ስናነብ ግን፥ በባዕድ ቤት የሚያድግ ጫጩት በዐጸዳችን መኖሩን ማወቅ ንባቡን ያጣፍጠዋል፤ ጀርባዋ አረንጓዴ ሆኖ የሚያበራ አንዲት ትንሽ ወፍ ዕንቁላልዋን በሸማኔ ወፍ ጎጆ ጥላ ትሄዳለች፤ ባለቤቲቱም የራስዋ መስሎአት ታሳድገዋለች።

ጊዜውስ ስንት ነው? ከትንንሾቹ ወፎች ብዙዎቹ ዕንቁላል ከጣሉ ጀምሮ ልጆቻቸው እስኪበሩ ድረስ ከአንድ ወር ብዙ አያልፉም። ሃምሳ አምስት ቀን ዐቢይ ጾምን የሚጾም ሕዝብ ለአንዲት ወፍ አንድ ወር መታገሥ አያቅተውም። በሰው ላይ ሊወድቅ የደረሰ ዛፍ ሲሆን ግን የሰው ነፍስ ይቀድማል፤ ስለ ጣራ መከታ ያዘዘው ያው ምዕራፍ ነውና። ኦሪት ራስዋ ልጆቹን መውሰድ ፈቅዳለች። ሕጉ ወሰን አበጀ እንጂ ሰው ከዛፍና ከወፍ እንዳይጠቀም አልከለከለም፤ ስለዚህ በዚህ ነገር ከሕጉ ይልቅ ጥብቅ ለመሆን የሚሽቀዳደሙትን አልከተልም። የእኔ ቅርንጫፍ ግን አንድ ወር ቢቈይ ማንንም አይገድልም ነበር።

ዘንድሮ ባለሁበት ደብር ጉዳዩ በሌላ መልክ መጣ። ለመቅደሱ ማገርና ወራጅ የሚሆን አንድ ረጅም ዝግባ እንዲቈረጥ የሰበካ ጉባኤው ከወሰነ በኋላ ዲያቆናቱ ተቀምጠው ሲያዩ በጫፉ አጠገብ ትልቅ የጭራሮ ጎጆ አገኙ። ባለቤቱ ጥንብ አንሣ ሆነ፤ ፊቱ ላባ የሌለው፥ ቆዳው ቀላ ያለ፥ ከቄራ አጠገብ የምናየው ትንሹ ዓይነት ነው። የሚጥለው አንድ ዕንቁላል ብቻ ነው፤ መታቀፉ ብቻውን ከዐቢይ ጾም ብዙ አያንስም፤ ጫጩቱም ለመብረር ከዚያ በኋላ ሦስትና አራት ወር ይፈልጋል።

በጉባኤው አንድ አረጋዊ ተነሥተው፦ «ይህስ በኦሪት ርኩስ የተባለ ወፍ ነው፤ ልጆቹን ውሰድ ያለው ለመብል ስለ ሆነ ሕጉ ስለ ንጹሑ ወፍ ነው የሚናገረው» አሉ። ክርክሩ የዋዛ አይደለም፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት ጋር ተቈጥሮአል። እኔ የመለስሁት፥ ንጹሕና ርኩስ የተለየው ለገበታችን ነው እንጂ ለፈጣሪው እንክብካቤ አይደለም በማለት ነው። ቁራም በዚያው ምዕራፍ ከማይበሉት ጋር ተጽፏል፤ ሆኖም መዝሙረኛው በ146ኛው መዝሙር እግዚአብሔር የቁራን ጫጩቶች እንደሚመግብ ይዘምራል፤ በኮራት ፈፋ ለኤልያስ እንጀራና ሥጋ ያመጡለት ቁራዎች ናቸው፤ ጌታችንም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ስለ እግዚአብሔር መግቦት ሲያስተምር ተመልከቱ ያለው ቁራን ነው። አረጋዊው ጥቂት ዝም ብለው፦ «ቁራውን ረስቼው ነበር» አሉ።

ደግሞም አንድ ወጣት መምህር የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2008 ዓ.ም. ይህን ጥንብ አንሣ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ጋር እንደ መዘገበው፥ ከምክንያቶቹም አንዱ ለሌላ አውሬ ተብሎ የሚመረዝ ሥጋ መሆኑን አስረዳ። ጉባኤውም ዝግባው እስከ ሰኔ ይቈይ ብሎ ወሰነ። አናጢው ሥራው ስለ ተጓተተበት ቅር ብሎታል፤ እውነቱን ነው፤ ለዚህም ካሳ የሚሆን ሌላ ሥራ ሰጥተነዋል።

ዲያቆናቱ በየቅዳሜው ከኪዳን በኋላ በዛፉ ትይዩ ካለው ካብ ላይ ይቀመጣሉ። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ጫጩቱ በጎጆው ጠርዝ ቆሞ ክንፉን ሲያራግብ አየሁ ብሎ እየሮጠ መጣ፤ ሌላው ግን እናቱ ነች እንጂ እርሱ ገና ነው ይላል።